በምርጫ ቀን ቤት የሚቀረው ለምንድን ነው?

በምርጫ ቀን ማለዳ አንዱ ገበሬ ጋቢውን ደርቦ፣ ካርዱን በኪሱ ይዞ ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል። ጎረቤቱ በሬዎቹን ነድቶ ወደ ማሳው ይወርዳል። ሁለቱም የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግብር ይከፍላሉ። ታዲያ አንዱ ሄዶ ሌላው የቀረው ለምንድን ነው?

እኛ ፊደል ልናስተምር ከከተማ የመጣን ተማሪዎች መልሱን የምናውቅ መስሎን ነበር። የቀረው ስላልገባው ነው እንል ነበር። ማታ ከትምህርት በኋላ በኩራዝ ብርሃን ስንጨዋወት ግን ያልገባን እኛው ሆነን ተገኘን።

አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ዝናብና ምርጫ አንድ ላይ ሲመጡብኝ የትኛውን ላስቀድም?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ያለፉትን ምርጫዎች ቀን እንቁጠር፦ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.። ይህ በብዙ አካባቢ ገበሬው ለክረምቱ መሬቱን የሚያለሰልስበትና ዘር የሚዘራበት ወቅት ነው። ደግሞም መንገዱ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ምዝገባ አለ። ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ፣ የመራጭነት ካርድ ያላወጣ ሰው በምርጫው ዕለት ዶሮ ሲጮህ ቢነሣም ድምፅ አይሰጥም። አንዳንዱ ሰው የቀረው በምርጫው ቀን ሳይሆን ገና በምዝገባው ጊዜ ነው።

አንዲት እናት ደግሞ፣ «የቤቱን ድምፅ እሱ ሰጥቷል፤ እኔ ሄጄ ምን ልጨምር?» አሉን። እሱ ያሉት ባላቸውን ነው። ይህ አስተሳሰብ ከሜዳ አልተነሣም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ በተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ስብሰባ እጁን የሚያወጣው በአብዛኛው አባወራው ነበር። ድምፅ የቤት እንጂ የሰው አይመስልም ነበር። ሕጉ ግን የሚቆጥረው ሰውን ነው እንጂ ጎጆን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38፣ ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ያሉ አራት ሰዎች ካሉ አራት ድምፅ አለ ማለት ነው።

ስለ ፍርሃትም እንነጋገር። ማንን እንደመረጥሁ ቢታወቅብኝስ፣ ማዳበሪያ ብከለከልስ ብሎ የሚቀር አለ። የሚገርመው፣ በዚሁ ፍርሃት የሚሄድም አለ፤ ስሜ ከቀሪዎቹ ጋር ይጻፍብኝ ይሆን ብሎ። ስለዚህ ረጅም ሰልፍ አይተን ሁሉም ወድዶ መጣ ማለት አንችልም። የምርጫ ምስጢርነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ይገባል። በመረጠው ምልክት ትይዩ የኤክስ ምልክት ወይም የጣቱን አሻራ ያደርጋል። ወረቀቱን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። በወረቀቱ ላይ የመራጩ ስም አይጻፍም። ማንበብ የማይችል ሰው በምልክቱ ይለያል፤ ቢሆንም ግራ ገብቶት ሌላውን «የቱ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ምስጢሩ ወጣ። አሁን እናንተ ስሙን ራሳችሁ ታነባላችሁ።

ሰው የሚቀረው በጠባዩ ብቻ አለመሆኑን ለማየት የሩቅ አገር ምሳሌ እንውሰድ። በአውስትራሊያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 በተደረገው ምርጫ ከ100 ተመዝጋቢዎች ድምፅ የሰጡት 59 ያህል ነበሩ። በ1924 ያልመረጠ ይቀጣል የሚል ሕግ ወጣ። በ1925 ቁጥሩ ከ91 በላይ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ የሰዉ ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። እኛ መቅጣት ይሻላል አንልም። በአገራችን መምረጥ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም።

የመቅረት ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በምናስተምርበት መንደር የውሃ ኮሚቴ ሲመረጥ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ከማዶ ያሉት ሳይመጡ ቀሩ። አምስቱም ተመራጮች ከወዲህ ሆኑ። ጉድጓዱም ከወዲህ ተቆፈረ። ተንኰል አልነበረበትም፤ በስብሰባው ያልነበረ ሰው ለማንም ትዝ አላለውም። አሁን የማዶ ሴቶች እንስራ አዝለው ወንዙን ይሻገራሉ። ከእነሱ አንዷ ስሟን መጻፍ በቻለች ዕለት፣ «ለመሆኑ ኮሚቴው እንደገና የሚመረጠው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ቀኑን ጠይቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍንላት። ጮክ ብላ አነበበችው።

እንወያይ፦ በእናንተ ቀበሌ ባለፈው ምርጫ የቀሩትን ያስቀራቸው ምንድን ነው? ሥራ ነው፣ መንገድ ነው፣ ፍርሃት ነው ወይስ ሌላ?