በደጅ ስለሚሠራ የጥብስ ባንኮኒ፤ ለሻጭና ለገዢ የሚጠቅም ትምህርት

በአቃቂ ቃሊቲ በግቢያቸው ጥብስ የሚያቀርቡ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከከሰል ምድጃው አጠገብ ሥጋ የሚሰናዳበትና ሳህን የሚደረደርበት ባንኮኒ ሴራሚክ ሲለብስ ለጽዳት ይመቻል፤ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን አንድ ክረምት ሳያልፈው ተሰንጥቆ ሴራሚኩ የሚነሣ ባንኮኒ አለ። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ወቀሳውን ይዞ የሚመጣው ወደ ሻጩ ነው። ስለዚህ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚያርፍበትንም ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ/ መሠረት። የጉዳቱ መነሻ ብዙ ጊዜ ከሴራሚኩ በታች ነው። በአቃቂ ሜዳ በብዛት የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለ ሆነም አፈሩን ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ማውጣት፣ በምትኩም ድንጋይና ሰሌክት እየጠቀጠቁ መሙላት፣ በላዩም ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ማፍሰስ ያስፈልጋል። ባንኮኒውና የቤቱ ግድግዳ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ በመካከላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው።

2ኛ/ ገበታ። በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በብሎኬት ግንብ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ፌሮ ኮንክሪት ይፈስሳል። ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ነው። ውኃ እንዳይተኛበት በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዘንበል ይበል። ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ ይቆይ፤ 28 ቀን ሳይሞላውም ሴራሚክ አይለጠፍበት።

3ኛ/ ሴራሚክ። ለቤት ውስጥ ግድግዳ የተሠራው ሴራሚክ ከክብደቱ ከመቶ 10 በላይ ውኃ ሊጠጣ ስለሚችል ለደጅ አይሆንም። ለደጅ የሚመረጠው ከመቶ ግማሽ የማይበልጥ የሚጠጣው ፖርሴሊን ነው። ሻጩ በሱቁ በግምት ሊፈትነው ይችላል፤ 2 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ ሴራሚክ አንድ ቀንና ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆይቶ፣ ላዩ ተወልውሎ ሲመዘን ከ10 ግራም በላይ ከጨመረ ለደጅ አይሽጠው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ባንኮኒ ባለ 30 በ30 ሴራሚክ 20 ይበቃል፤ ለስብራት 2 ይጨመርበት። በየመካከሉ 3 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ተትቶ በደንብ ይሞላ።

4ኛ/ እሳት። ሴራሚክ የከሰል ግለት በቀጥታ እንዳይነካው በምድጃውና በባንኮኒው መካከል እሳት የሚችል ሸክላ ይደርደር፤ ጥቂት ክፍተትም ይኑር።

ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች በ55ቱ ቀን ሥጋ ስለማይሸጡ ግቢው ነጻ ይሆናል። መሠረቱና ገበታው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀኖች ካለቁ ኮንክሪቱ 28 ቀኑን ይጨርሳል፤ ሴራሚኩም ተለጥፎ ሳምንት ያህል ካረፈ በኋላ ለፋሲካ ይደርሳል። በችኮላ ለበዓል ዋዜማ የተለጠፈ ግን ገና ሲደርቅ ይነሣል።

እንግዲህ ሴራሚክ ሻጭ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የሚለጠፈው በደጅ ነው ወይስ በቤት ውስጥ? ከሥሩ ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው? ኮንክሪቱስ ስንት ቀን ሆነው? መልሱ ገዢውን ለጊዜው ወደ ቤቱ የሚመልስ ቢሆን እንኳ፣ ያ ገዢ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም።