የዕርዳታ እህልን በማጓጓዣ ቀበቶ ስለማንቀሳቀስና ስለመለየት

አንድ ጆንያ የዕርዳታ ስንዴ ከተረጂው እጅ እስኪገባ ድረስ በትንሹ ስድስት ጊዜ ይነሣል። ይኸውም ከመርከብ ሲወርድ፣ ከወደብ ወደ መኪና ሲጫን፣ በማዕከላዊ መጋዘን ሲራገፍ፣ ከዚያው እንደገና ሲጫን፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ሲራገፍና በመጨረሻም ሲታደል ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ 50 ኪሎ ግራም በሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ጆንያም ይቀደዳል፣ እህል ይፈስሳል፣ ቆጠራም ይዛባል። በተለምዶ ኮንቬየር የሚባለው ማጓጓዣ ቀበቶ በየመጋዘኑ የሚፈለገውም ይህንኑ ድካምና ብክነት ለመቀነስ ነው።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ የጎማ ቀበቶ በሁለት ከበሮዎች ላይ ተወጥሮ ይዞራል፤ አንደኛውን ከበሮ ሞተር ሲያዞረው ሌላኛው ቀበቶውን ይመልሳል። በመካከል ያሉት ሮለሮች ክብደቱን ይሸከማሉ። ቀበቶው እጅግ ከላላ ከበሮው ሥር ይንሸራተታል፤ እጅግ ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። ቁልቁለቱን ተከትሎ ያለ ሞተር የሚሠራው የሮለር መደዳ ለካርቶን የተመቸ ሲሆን ከዕቃው ሥር ምንጊዜም ቢያንስ 3 ሮለሮች መኖር አለባቸው። ጆንያ ግን ሆዱ ለስላሳ በመሆኑ በሮለሮቹ መካከል ይሰምጥና ይቆማል። የቀበቶው ዳገትም መጠን አለው፤ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ማዳበሪያ ከቃጫ ጆንያ ይልቅ ስለሚያንሸራትት ለቃጫው የተስማማ ዳገት ለማዳበሪያው ላይስማማ ይችላል።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ቀበቶው ላይ ሳይሆን ስሌቱ ላይ ነው። ለአብነት ያህል በደቂቃ 30 ሜትር የሚሄድ ቀበቶ ላይ በየ2 ሜትሩ አንድ ጆንያ ቢቀመጥ በደቂቃ 15፣ በሰዓት 900 ጆንያ ወይም 450 ኩንታል ያደርሳል። 200 ኩንታል የሚይዝ መኪናም በ27 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። አሁን የሞላው መኪና ወጥቶ ባዶው እስኪተካ 13 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ለአንድ መኪና 40 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው፤ የሰዓቱም ውጤት ወደ 300 ኩንታል ይወርዳል። ኃላፊው ይህን ሲያይ ቀበቶውን በእጥፍ እንዲያፈጥኑ ቢያዝ ውጤቱ ተመልሶ 450 ገደማ ይደርሳል፤ ግን መኪናው ላይ ያሉት ደርዳሪዎች በየ2 ሰኮንዱ አንድ ጆንያ መቀበል አይችሉም፤ ጆንያውም እየወደቀ ይፈነዳል። ቀበቶውን እንዳለ ትቶ ሁለተኛ መኪና ጎን ለጎን አስቀድሞ ማቆም፣ የቀበቶውንም ጫፍ ወደዚያው ማዞር ያንኑ 450 ኩንታል ያስገኛል። በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን በአሰብ ወደብ የታየው መጨናነቅም እንዲሁ መርከብ በማራገፍ ብቻ የሚፈታ አልነበረም፤ የወረደውን እህል ወደ መሐል አገር የሚያነሣ የጭነት መኪና አልበቃም ነበርና።

ሁለተኛው ሥራ መለየት ነው። ስንዴ፣ የምግብ ዘይት፣ ለሕፃናት የሚሰጥ አልሚ ዱቄትና ብርድ ልብስ በአንድ ቀበቶ ሲመጡ በየመድረሻቸው መነጠል አለባቸው። አንድ የዘይት ጣሳ ፈንድቶ ስንዴውን ቢያበላሽ ጉዳቱ ይታያል፤ አልሚው ዱቄት በስሕተት ወደማይጠበቅበት ጣቢያ ቢሄድ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከተሰለፉ በኋላ ነው። በሠለጠኑት የጥቅልና የሻንጣ ማመላለሻዎች ይህን ሥራ የሚሠሩት መለያ መስመሮችን የሚያነቡ መሣሪያዎችና ዕቃውን ወደየአቅጣጫው የሚገፉ ክንዶች ናቸው።

እነርሱም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። በአሜሪካ የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣን በራሱ እየለየ እንዲያደርስ የታቀደው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1994 ለሕዝብ ሲታይ ሻንጣዎችን ቀጠቀጠ፣ በተነ፤ በ1993 ሊከፈት የነበረው ማረፊያም እስከ የካቲት 1995 ዘገየ። ከሥርዓቱ የተረፈውም በ2005 ተተወ። እኛ ዘንድ ለሚገኝ መጋዘን የሚበቃው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በጆንያው ወይም በካርቶኑ በአራቱም ጎን በቀለም የተቀባ ምልክት፣ በቀበቶው ዳር የቆሙ ሁለት ለዪዎች፣ ቁጥሩንም ከሞዴል 19 ጋር የሚያመሳክር አንድ ቆጣሪ ይበቃል። ቆጣሪው የመለየቱን ሥራ ደርቦ እንዲሠራ መደረግ የለበትም።

ስለ አደጋ አንድ ነገር ብቻ እንናገር። ቀበቶው ከከበሮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም የእጅጌ ጫፍ ያገኘ እንደሆነ ሰውን ይጎትታል። ስለዚህ ቦታው በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ የተጣበቀ ዕቃ የሚላቀቀውም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብቻ ይሁን።

ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት በጎበኘው መጋዘን ቀበቶው ቆሞ የባዶ ጆንያ መደርደሪያ ሆኖ ነበር፤ በአጠገቡም ሸካሚዎች ዝናብ ሳይደርስባቸው ሦስት መኪና ለማራገፍ ይሯሯጡ ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ የተቃጠለች አንዲት ኩሽኔታ ሆነች። የግዢ መጠየቂያው ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን «ለማሽን የሚሆን ክብ ብረት» ስለሚል ገዢው ክፍል ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ መልሶታል። የኩሽኔታ ቁጥር በጠርዟ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ማሽኑ በተረከቡበት ዕለት ይህ ቁጥር ከቀበቶው ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ጋር በንብረት መዝገቡ ላይ ይመዝገብ።