ነርስ ተማሪዎችን የሚቀበል ማኅበረሰብ

ነርስ የምትማረው በሁለት ስፍራ ነው፤ አንደኛው ኮሌጁና ሆስፒታሉ፣ ሁለተኛው ሰው የሚኖርበት መንደር ነው። በሆስፒታል በሽተኛው ወደ እርስዋ ይመጣል። በመንደር ግን እርስዋ ራስዋ ደጅ ቆማ፣ ፈቃድ ጠይቃ ትገባለች። በዚህ ትምህርታችን ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲመጡ የአስተናጋጁ ማኅበረሰብ ድርሻ ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን።

አሠራሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መመሪያው አደረገ። በኢሉባቦርም እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ነርሶችን ያስተምራል።

የልምምዱ ሂደት ግልጽ ነው። ተማሪዎቹ በቅድሚያ ለወረዳውና ለቀበሌው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ቀጥሎ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ይጠይቃሉ። ያገኙትን ካጠቃለሉ በኋላ ከነዋሪው ጋር ተመካክረው የሚቀድመውን ችግር ይመርጣሉ፤ በአቅማቸው ይሠራሉ፤ ውጤቱንም ይመዝናሉ።

በመቱና በበደሌ መካከል የምትገኘውን ሁሩሙን ለምሳሌ እንውሰድ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ቤተሰቡ ማልዶ ወደ ቡናው ይወጣል። በእኩለ ቀን የሚመጣ ተማሪ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ቢያገኝ፣ ከእነርሱ የሚጽፈው መልስ የቤቱ ሁሉ መልስ አይደለም። ይህንን የሚነግረው አስተናጋጁ ነው። እንግዲህ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአገራችን የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የዕድር ዳኞች፣ መምህራንና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ሁሉ በአንጻሩ የተማሪዎቹ መምህራን ናቸው።

ነገር ግን መቀበል ማለት ሁሉን መፍቀድ አይደለም። ሦስት ነገሮችን እንጠብቅ። አንደኛ፣ ቤተሰቡ «አልፈልግም» ሊል ይችላል፤ በዚህም ምክንያት የሚቀርበት አገልግሎት ሊኖር አይገባም። ሁለተኛ፣ ምሥጢር ይጠበቅ። አፋን ኦሮሞ ለማይችል ተማሪ አስተርጓሚ ሲፈለግ፣ የእናቲቱን ጉዳይ ልጅዋ ወይም ጎረቤትዋ እንዲያስተረጉም ማድረግ ተገቢ አይደለም። ሦስተኛ፣ ተማሪ ተማሪ ነውና ያለ ተቆጣጣሪ መርፌ አይውጋ፤ መድኃኒትም አይዘዝ።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ግን ጥናቱ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነው። ሰው በየጊዜው ተጠይቆ ውጤቱን ሳይሰማ ሲቀር፣ ልቡ ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ተማሪ የይሉኝታ መልስ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ያገኙትን ለነዋሪው በስብሰባ እንዲያስረዱ፣ የጽሑፉንም ቅጂ በጤና ኬላው እንዲተዉ ገና ሲመጡ እንጠይቃቸው። እንዲህ ሲሆን እነርሱ ሙያቸውን ይማራሉ፤ እኛም ራሳችንን እናውቃለን።

ለውይይት
1. በቀበሌያችን ተማሪዎችን የሚያስተዋውቅና የሚመራ ማን ነው?
2. እነርሱ ሳይመጡ በፊት ለቤተሰቦች ምን መንገር ይገባናል?
3. ከዚህ በፊት በተደረገ ጥናት ምን ተለወጠ? ካልተለወጠስ ማንን እንጠይቅ?