ጉናን ለምትወጣ ልጄ

ልጄ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጉናን ልትወጣ ማሰብህን ሰማሁና ደስ አለኝ። እግርህ ጠንካራ ነው፤ ጆሮህን ግን ብዙም አላምነው። በቃል ብነግርህ በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ጻፍኩልህ።

1. የምትረግጠውን እወቅ። ጉና ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ሆድ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ አቆመው። ስለዚህ እንደ ጦር አልሾለም፤ እንደ ተደፋ ምጣድ ሰፍቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና አናት ከ4,100 ሜትር ያልፋል። «ይቺማ ጉብታ ናት» ብሎ የሮጠ ጎረምሳ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲፈልግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

2. የቦታውን ስም አዳምጥ። በወልድያው መንገድ ስትሄድ ክምር ድንጋይን ታገኛለህ፤ አለፍ ስትል ነፋስ መውጫን። አባቶች ስም ሲያወጡ አልቀለዱም። ጋቢህን ያዝ፣ በሶ ቋጥር፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

3. ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርስ ተመለስ። ይህን በነፃ አልተማርኩትም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሦስት ሆነን ወጣንና «ትንሽ ቀረን፣ ትንሽ ቀረን» ስንባባል ጉም ወረደብን። የራሳችንን እጅ ማየት አቃተን። ፊት ለፊታችን አንድ እረኛ ቆሞ ታየኝና «ወንድሜ፣ መንገዱ በየት ነው?» አልኩት። ዝም አለኝ። ተናድጄ ተጠጋሁት፤ ለካ ጅብራ ኖሯል! ቁመቱ ሰው አክሎ፣ ቅጠሉ እንደ ጎፈሬ ተንጨፍርሮ። ዞር ስንል ዙሪያውን ሌሎችም ቆመዋል፤ ሁሉም ሰው ይመስላሉ፣ አንዱም አይመልስም። ያዳነን የውሻ ጩኸት ነው። ድምፁን ተከትለን ከአንድ ጎጆ ደረስን፤ እመቤቲቱ ሳትጠይቀን በረመጥ የተጠበሰ ድንች ሰጠችን፤ እየበላን ጠዋት ድረስ ተቆጣችን።

4. ሰብሉንና አስታውን ተጠንቀቅ። ገበሬው በዚያ ውርጭ ገብስ የሚያበቅለው ከድንጋይ ጋር ታግሎ ነው፤ አቋርጠህ አትለፍበት፤ ድንበሩን ዙር። እሳት ለመሞቅ ብለህም የአስታ ቁጥቋጦ አትስበር፤ የጓሳ ሣርም አትለኩስ። ማረሻው በየዓመቱ ወደ ላይ ሲገፋ አስታው ወደ አናት ሸሽቷል፤ ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለውም።

5. ጋፋትን ሳታይ አትለፍ። ከከተማችን ከደብረ ታቦር አጠገብ ናት፤ የቸኮለ ሰው ሜዳ ብቻ አይቶ ይመለሳል። አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ከዚያ በ1860 ዓ.ም. ያን ሁሉ ክብደት በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በገደሉ ጥርጊያ መንገድ እያሠሩ መቅደላ አደረሱት፤ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። አንተ ቦርሳ ከብዶኛል ስትል ይህን አስብ።

6. ስትወርድ ውሃውን ተከተል። አብዛኛው መንገደኛ አናቱ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የጉናን ትልቅነት ያወቅሁት ታች ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ይነሣሉ። ጉማራን ብትከተል ዋንዛዬ ፍል ውሃን ታገኛለህ፤ የምድሩ ሙቀት ዛሬም አልበረደም ማለት ነው። እዚያ ወገቡ የታመመ፣ እግሩ ያበጠ፣ ፈውስ ሽቶ የመጣ ሰው ይነከራል፤ ስለዚህ እንደ መዋኛ አትንቦጫረቅ፣ ስልክህንም አታውጣ። ከዚያ በታች የፎገራ ሜዳ ነው። በሜዳው ጥቁር አፈር ላይ ሩዝ ተንጣሎ ታያለህ፤ ያ አፈር በክረምት ጎርፍ ከደጋው ታጥቦ የወረደ ነው። እኛ እላይ ሆነን ስናለቅስለት የኖርነውን አፈር ፎገሬ ሩዝ ይዘራበታል፤ በዚህ አልቀናም አልልህም። መጨረሻው ጣና ነው። እሱም የእሳት ሥራ ነው፤ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ረግቶ መውጫውን ቢዘጋበት ነው ውሃው የተኛው። ጀልባ ካገኘህ ደቅ ደሴት ተሻገርና ጥቁሩን ድንጋይ በእጅህ ዳስሰው፤ ጉና ላይ ከተቀመጥክበት ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

7. በነሐሴ 13፣ ለቡሄ፣ ደብረ ታቦር እንድትመጣ እፈልጋለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ተራራውን ተወው፤ ጭቃው ጫማህን ያስቀርብሃል። ጥቅምት ይሻልሃል። ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ጠይቅ፤ «አትሂድ» ካሉህ አትሂድ፤ ጉና የትም አይሄድም። ስትመለስ በእኛ ቤት በኩል እለፍ። አክስትህ ከአሁኑ ጌሾ እየወቀጠች ነው።