የጓሮ አትክልትን ከተባይ ስለ መጠበቅ



ነጋዴ በመጋዘኑ ያለውን እህል ነቀዝና አይጥ እንዳያጠፋበት ተግቶ ይጠብቃል። በጓሮው ያለውን ጎመንና ቲማቲም ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው ትል ከበላው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተቆጥቶ በእጁ የገባውን መርዝ ይረጫል፤ በማግሥቱም ያው ጎመን ተቀንጥሶ ለልጆቹ ይቀርባል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ተባይን ለይቶ ማወቅን፣ ያለ መርዝ መከላከልን፣ እንዲሁም የመርዝ ሻጭና ገዢ ያለባቸውን ኀላፊነት በአጭሩ እንገልጻለን።

1ኛ፤ ተባዩን ለይቶ ስለ ማወቅ

ችግኝ ሌሊቱን ከግንዱ ሥር ተቆርጦ ወድቆ ቢገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቆራጭ ትል ነው። ይህ ትል ቀን ቀን በአፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚውል በቅጠል ላይ ቢፈልጉት አይገኝም፤ በማለዳ የተቆረጠውን ችግኝ ዙሪያ ጥቂት ጫር ቢያደርጉ ግን ይገኛል።

የጎመን ቅጠል ተኮማትሮ በውስጡ ዐመድ የሚመስል ነገር ሲሰበሰብበት ክሽክሽ ይዞታል ማለት ነው። ክሽክሽ የቅጠሉን ጭማቂ ይመጣል፤ እንስቲቱም ያለ ወንድ ልትወልድ ስለምትችል በጥቂት ቀናት እጅግ ይበዛል። ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ሲታይ ደግሞ የጎመን እራት የምትባለው ትንሽ የእሳት እራት ትል መኖሩን ያመለክታል።

በቲማቲም ቅጠል ውስጥ የነጣ ሰፊ መስመር ሲታይና ፍሬው ተበስቶ ሲገኝ ቱታ አብሶሉታ የሚባለውን ተባይ መጠርጠር ይገባል። ይህ ተባይ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 እስፔን ገባ፤ በ2012ም በአገራችን ታየ። ከፍሬው፣ ከችግኙና ከማሸጊያው ሣጥን ጋር አብሮ ስለሚጓዝ፣ ያገለገለ የአትክልት ሣጥን ሳያጸዱ ወደ ሌላ ስፍራ መላክ ተባይን ያለ ኪራይ ማጓጓዝ ነው።

2ኛ፤ ያለ መርዝ ስለ መከላከል

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ መመርመር ከሁሉ ይበልጣል። እንቁላልና ትል ገና ጥቂት ሳለ በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ይበቃል። ለቆራጭ ትል ላይና ታቹ የተከፈተ ጣሳ በችግኙ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈር አስገብቶ መትከል ይረዳል።

ክሽክሽን በውኃ ኀይል ማጠብ፣ ባይበቃም በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ተባዩን በቀጥታ መርጨት ይቻላል። አስቀድሞ ግን በአንድ ቅጠል ላይ መሞከር ያስፈልጋል። የኒም ፍሬ የሚያገኝ ሰውም የተወቀጠ 50 ግራም በ1 ሊትር ውኃ አሳድሮ፣ አጥልሎ፣ ወደ ማታ ይርጨው፤ ፀሐይ ኀይሉን ቶሎ ያጠፋዋልና። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ግን አትግደሏት፤ ክሽክሽን እየበላች በነጻ የምታገለግል ዘበኛ ናት።

ጎመንን በጎመን ላይ እየደጋገሙ ከመትከል በካሮት፣ በሽንኩርት ወይም በባቄላ ማፈራረቅ፣ የተበላሸውንም ተክል ነቅሎ ማስወገድ መልካም ነው።

3ኛ፤ ስለ መርዝ አጠቃቀም

መርዝ ሲደጋገም ተባዩ ይለምደዋል። የጎመን እራት በዲዲቲ አልሞት ማለቷ በጃቫ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1953 ተመዝግቧል። እንግዲህ መጠን መጨመር ገንዘብን ማጥፋትና ማዕድን መመረዝ እንጂ መፍትሔ አይሆንም። መርዝ የግድ ካስፈለገ ለዚያ አትክልትና ለዚያ ተባይ የተፈቀደውን ብቻ መምረጥ፣ በመለያ ጽሑፉ የታዘዘውን መጠን መጠበቅ፣ ከተረጨም በኋላ እስከ መከር የተወሰኑትን ቀኖች መቍጠር ይገባል። ቀኑ ሳይደርስ የተቀነጠሰውን ቅጠል በውኃ ማጠብ ብቻውን አያድነውም። ለእህል መጋዘን ጢስ የሚሆነውም እንክብል እርጥበት ሲያገኘው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ ወደ ቤትና ወደ ጓሮ ፈጽሞ አይግባ።

4ኛ፤ ስለ ባለሱቅ ኀላፊነት

በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ያልተመዘገበ መርዝ ማስመጣትና መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉም በላይ የሰው ሕይወት አለ። መርዝን ከትልቁ ዕቃ ቀንሶ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ መሸጥ፣ የተጠማ ሕፃን አንሥቶ እንዲጠጣው ማዘጋጀት ነው። ከዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት አጠገብ መደርደርም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ማንበብ ለማይችል ገዢ መለያ ጽሑፉን አንብቦ ማስረዳት የሽያጩ አንድ ክፍል ሆኖ ይቈጠር። ባዶውንም ዕቃ ለውኃና ለዘይት መያዣ እንዳይሆን በስቶ ማበላሸት እንደሚገባ ለገዢው ይነገረው።

ለአንድ መደብ ጎመን ተብሎ የቤተ ሰብ ጤና፣ ለአንድ ጠርሙስ ትርፍም ተብሎ የደንበኛ ሕይወት ለአደጋ ሊጣል አይገባም። እያንዳንዳችሁ ነገ ጧት ጓሯችሁ ወርዳችሁ የጎመኑን ቅጠል ገልብጣችሁ እንድትመለከቱ፣ ከዚያም የሱቃችሁን መደርደሪያ እንደዚሁ እንድትመረምሩ በአክብሮት እናሳስባለን።