ሐኪም ያዘዘው፣ ነርስ የሰጠችው መርፌ

ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች ሐኪሙ ጠዋት ለራውንድ ብቅ ይላል፤ ካርዱ ላይ ጽፎ ወደ ሌላው አልጋ ያልፋል። የጻፈውን የምትፈጽመው፣ ሌሊቱንም ከታካሚው ጋር የምታነጋው ነርሷ ናት። ስለዚህ የታካሚ መብት የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚከበረውም የሚጣሰውም በእሷ እጅ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አንድ መርፌ እንከተል።

እንበል፣ አንዲት እናት በሳንባ ምች ተኝተዋል። ካርዳቸው ላይ አምፒሲሊን በደም ሥር እንዲሰጣቸው ታዟል። ተረኛዋ ነርስ መድኃኒቱን በጥብጣ ስትመጣ «ሲስተር፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሏታል። «ዶክተሩ ያዘዘልዎት ነው እማማ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ» ትላለች። አነጋገሯ ትሕትና አለው፤ መልሷ ግን ጎዶሎ ነው።

ጎዶሎነቱ ከሕግ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እንቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው ደንብ ቁጥር 299/2006ም ሕክምና በታካሚው ፈቃድ ላይ እንዲቆም ደንግጓል። ምን እንደሚሰጠው ያላወቀ ሰው ደግሞ ፈቀደም እንቢ አለም ሊባል አይችልም። ሆስፒታል ገብቶ መተኛት ለሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ መፍቀድ አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ፊርማ ይጠየቃል። ለመርፌ ግን እጅን መዘርጋት ራሱ ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ የሚሰጠው ነገር ከተነገረ።

በሽታው ምን እንደሆነና ለምን ይህ ሕክምና እንደተመረጠ ማስረዳት የሐኪሙ ድርሻ ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ ጥቅሙንና ሲሰጥ ምን ሊሰማ እንደሚችል መንገር ግን ለነርሷ ከባድ አይደለም። ጥያቄው ከዚያ ካለፈ ሐኪሙን ትጠራለች። ታካሚዋ «አልፈልግም» ካሉም አታስገድድም፤ ምክንያቱን ትጠይቃለች፣ ለሐኪሙ ታሳውቃለች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ራሱን ስቶ የመጣ የድንገተኛ ታካሚ፣ ወላጁ የሚወስንለት ሕፃን፣ ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ ግዴታ የሆነ ክትባት የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

አሁን ነርሷ በትክክል መለሰች እንበል፤ «አምፒሲሊን ይባላል እማማ፣ የፔኒሲሊን ወገን ነው። ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቸግሮዎት ያውቃል?» እናትየው ደንገጥ ይላሉ፤ «ኧረ ልጄ! ፔኒሲሊን የሚሉትን ተወግቼማ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት።» ካርዱ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም። ሐኪሙ ያልሰማውን ጉዳይ ያወጣው አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ለታካሚ ማስረዳት ከሥራው ላይ የሚጨመር ውለታ ሳይሆን የሥራው የደኅንነት ክፍል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ «ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያድንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የነርስ ሙያ ደንብ ደግሞ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ትክክለኛውን ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ ሰዓትና የአሰጣጥ መንገድ ማረጋገጥን፣ አለርጂን መጠየቅን፣ ትእዛዙ ካጠራጠረም ቆም ብሎ ያዘዘውን ሰው መጠየቅን ይጨምራል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ በማዘዙ ሊጠየቅ ይችላል፤ የእሱ ጥፋት ግን የእሷን አይሰርዝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሕጉ በነርሷ ላይ የሚፈርደው ታካሚዋ ስለተጎዱ ብቻ አይደለም። አለርጂ ጠይቃ «የለብኝም» ተብላ፣ በአግባቡ ሰጥታ፣ ሰውነታቸው ሲቆጣ ወዲያው መድኃኒቱን አቋርጣ፣ ሐኪም ጠርታ፣ አድሬናሊን እንዲሰጥ ካደረገች ጉዳት ቢደርስም ጥፋት ላይኖር ይችላል። እየተነገራት ከሰጠች፣ ወይም ሰጥታ ዞር ብላ ሳታይ ከሄደች ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ያን ጊዜ ተጠያቂነቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ካሣ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 ሐኪሞቹና ረዳት ሠራተኞቹ በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት የሕክምና ተቋሙን ኃላፊ ያደርጋል። ሁለተኛው ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559፣ ሞት ማድረስን በአንቀጽ 543 ይቀጣል፤ ሕይወትን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ሦስተኛው ሥነ ምግባር ነው፤ አቤቱታው በጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ እስከ ሙያ ፈቃድ እገዳ ሊደርስ ይችላል።

መርፌ ሳይሰጥም የሚጠየቁበት ጊዜ አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 በአስጊ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት መንፈግን ሲቀጣ ነርስን በስም ይጠቅሳል። አንቀጽ 399 ደግሞ በሥራ የታወቀን ምስጢር ማውጣትን ይከለክላል። አስታማሚ አጠገብ መቆሙ የምርመራ ውጤት ይነገረው ማለት አይደለም፤ በዎርዱ ውስጥ ያነሱትን ፎቶ ማጋራትም ታካሚን አሳልፎ መስጠት ነው።

አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ እንደምትይዝ የሚነሳ ቅሬታ አለ፤ እውነትም ነው። ጫናው ግን አለርጂ ከመጠየቅ ግዴታ ነፃ አያወጣም። ማድረግ የሚገባት የሰው እጥረቱን ለኃላፊዋ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የሰጠችውን፣ ያልሰጠችውንና የጠየቀችውን ከነሰዓቱ ካርዱ ላይ ማስፈር ነው። ክርክር ሲነሳ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የተቋሙ የሚለየው በዚያ ጽሑፍ ነው።

ታካሚም የራሱ ሥራ አለው። አለርጂውን ሳይጠየቅ ይናገር፤ የሚሰጠውን ይጠይቅ። ጉዳት ከደረሰበት መጀመሪያ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ወይም ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት የሚጠየቅ ካሣ ግን በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና፣ እንግባባ ይሆናል ብሎ ቀን መቁጠር አያዋጣም።