ከዘመቻው ማግሥት፦ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የገጠር ነጻ ክሊኒክ አመሠራረትና የክትትል ጥያቄ

አጠቃሎ

በገጠር የሚቋቋም ነጻ ክሊኒክ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በመክፈቻው ዕለት ባስተናገዳቸው ሕሙማን ብዛት ነው። ይህ ጽሑፍ ተገቢው መመዘኛ የሕሙማኑ ቀጣይ ቀጠሮ መሆኑን ይሞግታል። ለዚህም በአሜሪካ ቨርጂንያ ግዛት የዋይዝ አውራጃን፣ በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት ደግሞ የጃምኬድን ተሞክሮ ይመረምራል፤ ከሁለቱ የሚገኘውን ትምህርት ከኢትዮጵያ የገጠር ጤና አደረጃጀት ጋር ያገናዝባል። የጽሑፉ ድምዳሜ ነጻ ክሊኒክ ከመከፈቱ በፊት የክትትሉ ባለቤት መታወቅ አለበት የሚል ነው።

1. መግቢያ

የሕክምና ባለሙያዎች ጊዜያቸውንና ዕውቀታቸውን ያለ ክፍያ ለገጠር ነዋሪ ማበርከታቸው በብዙ አገሮች የታወቀ ልማድ ነው። በአገራችንም በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወቅት፣ እንዲሁም በውጭ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ለዕረፍት ሲመጡ የሚካሄዱ የነጻ ሕክምና ዘመቻዎች አሉ። የእነዚህ ጥረቶች ሪፖርት በአብዛኛው የሚያተኩረው በተመረመሩ ሰዎችና በታደሉ መድኃኒቶች ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አይመልስም፤ የተሰጠው መድኃኒት ባለቀበት ዕለት ሕመምተኛው ወደ ማን ይሄዳል?

ጥያቄውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ቀን 300 ጎልማሶችን የሚመረምር ዘመቻ ከእነዚህ ውስጥ በ60ዎቹ ላይ ከፍተኛ የደም ግፊት አገኘ እንበል። በአንድ ዕለት ልኬት ብቻ ምርመራውን ማጽናት በአብዛኛው ስለማይመከር እነዚህ ሰዎች በሳምንታት ልዩነት ተመልሰው መለካት ይኖርባቸዋል። የሁሉም ሕመም ከተረጋገጠና በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ቢታዩ 720 ቀጠሮዎች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ 20 ደቂቃ ቢመደብ ድምሩ 240 ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ባለሙያ 30 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። እንግዲህ የአንድ ቀን ዘመቻ ባለቤት የሌለው የ30 ቀን ሥራ ወልዶ ሊሄድ ይችላል። ስሌቱ ለማሳያ የቀረበ ቢሆንም የችግሩን ስፋት ያመለክታል።

2. በአንድ አውራጃ ሁለት ዓይነት አገልግሎት

የዋይዝ አውራጃ የሚገኘው በቨርጂንያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በአፓላቺያ ተራሮች መካከል ነው። አካባቢው ለረጅም ዘመን በድንጋይ ከሰል ማዕድን ሲተዳደር የኖረ ሲሆን፣ የማዕድኑ ሥራ ሲዳከም ብዙ ነዋሪዎች ከሥራቸው ጋር የጤና መድኅናቸውንም አጥተዋል። በዚህ ስፍራ በበጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረቱ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ጎን ለጎን ሠርተዋል።

የመጀመሪያው ሪሞት ኤሪያ ሜዲካል የተባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ እንግሊዝ አገር የተወለደው ስታን ብሮክ በወጣትነቱ በጉያና ከሐኪም እጅግ በራቀ የከብት እርባታ ስፍራ ሠርቷል። ከዚያ የቀሰመው ልምድ እ.ኤ.አ. በ1985 በቴነሲ ግዛት ድርጅቱን ለማቋቋም ምክንያት ሆነው። ሐሳቡ መጀመሪያ በሌሎች አገሮች ለሚገኙ ሩቅ ሕዝቦች የታሰበ ቢሆንም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ገጠር ሰፊ ፈላጊ አገኘ። በዋይዝ በአውራጃው የትርዒት ሜዳ ላይ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ለጥቂት ቀናት በሚተከሉት ድንኳኖች የጥርስ፣ የዓይንና የአጠቃላይ ሕክምና ይሰጥ ነበር። ታካሚው የገቢ ማስረጃም ሆነ የመድኅን ካርድ አይጠየቅም። ብዙዎች ተራ ለመያዝ በመኪናቸው ውስጥ ያድሩ ነበር።

ሁለተኛው ሄልዝ ዋገን ይባላል። ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረችው በርናዴት ኬኒ የተባለች መነኩሲትና የጤና ባለሙያ ናት፤ የመጀመሪያው “ክሊኒክ” የግል ቮልስዋገን መኪናዋ ነበር። አገልግሎቱ በጊዜ ሂደት ወደ ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮችና ቋሚ ጣቢያዎች ያደገ ሲሆን፣ ዋና አንቀሳቃሾቹም በአካባቢው የሚኖሩ ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች ናቸው። የስኳር፣ የደም ግፊትና የሳንባ ሕሙማንን ዓመቱን ሙሉ ይከታተላል።

የሁለቱ ልዩነት በበጎነት ደረጃ የሚገለጽ አይደለም፤ የሚገለጸው በሚያክሙት ሕመም ባሕርይ ነው። የተበላሸ ጥርስ ሲነቀል፣ ለደከመ ዓይን መነጽር ሲሰጥ ሕክምናው በአብዛኛው በዚያው ዕለት ይጠናቀቃል። የስኳር በሽታ በተገኘበት ዕለት ግን ሕክምናው ገና መጀመሩ ነው። የዋይዝ ዘመቻ በጥርስና በዓይን ሕክምና ላይ ማተኮሩ ከዚህ አንጻር ተገቢ ነበር። ዘመቻው በተራሮቹ መካከል የፈየደው፣ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ሕሙማኑን የሚቀበል ሄልዝ ዋገን በስፍራው ስለነበረ ጭምር ነው። እንግዳውን ያስተናገደው ነዋሪ ተቋም ነበር፤ እንግዳው ሲሄድም ሥራው በነዋሪው እጅ ቀረ።

3. ከመንደሩ የሚወጣ በጎ ፈቃደኛ

ጃምኬድ ሌላ መልስ ያሳያል። ባልና ሚስት የሆኑት ሐኪሞች ራጃኒካንት አሮሌና ሜበል አሮሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ድርቅ በሚያጠቃው በዚህ የሕንድ ገጠር ሥራ ሲጀምሩ በሠለጠኑ ረዳት ነርሶች አማካይነት መንደሮችን ለመድረስ አስበው ነበር። የተማሩት ነርሶች ግን በመንደር ለመኖር አልወደዱም፤ ነዋሪዎቹም እንደ እንግዳ አዩአቸው። ስለዚህ ሐኪሞቹ መንደሮቹ ከራሳቸው መካከል አንዲት ሴት እንዲመርጡ ጠየቁ። ከተመረጡት ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ አንዳንዶቹም በዘር ደረጃ ሥርዓቱ “የማይነኩ” ተብለው የተገለሉ ነበሩ። ሴቶቹ በየሳምንቱ ወደ ማዕከሉ እየመጡ ስለ እርግዝና፣ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሥጋ ደዌ ተማሩ፤ በቀሪዎቹ ቀናት በመንደራቸው አገለገሉ። አገልግሎታቸው በበጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር፤ ለኑሯቸው የሚሆን ገቢ በአነስተኛ ንግድና በእርባታ እንዲያገኙም ተረዱ።

ከዚህ ተሞክሮ ሁለት ነገሮች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሐኪሞቹ ሕዝቡን ሲጠይቁ መጀመሪያ የተነገራቸው ፍላጎት ክሊኒክ አለመሆኑ ነው። ሕዝቡ የጠየቀው ምግብና ውኃ ነበር፤ የጉድጓድ ቁፋሮና የሕፃናት ምገባ ከሕክምናው እኩል ስፍራ የያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ሆስፒታሉ የቀረው ሥራ ማረፊያ እንጂ የሥራው ማዕከል አለመሆኑ ነው። በፕሮጀክቱ መንደሮች መጀመሪያ ላይ ከ1000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 176ቱ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞቱ እንደነበር ተመዝግቧል፤ በ1990ዎቹ ይህ ቁጥር ከ30 በታች ወርዷል። ለውጡን ለአንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ የአገሪቱ አጠቃላይ ሁኔታም ተሻሽሏልና። ይሁንና በየቤቱ እየዞረ የሚጠይቅ ጎረቤት መኖሩ የለውጡ አንድ ዋልታ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ጃምኬድ የሐኪምን ዋጋ ዝቅ አያደርግም። ሐኪሙ ያስተማራት፣ የሚቀበላትና የሚያማክራት በመሆኑ የመንደሯ ሴት ሥራ ፍሬ አፍርቷል። የተለወጠው የኃላፊነት አደላደል ነው፤ የዕለት ክትትሉ ከሚሄደው ሰው ወደሚቀረው ሰው ተላለፈ።

4. ሕግ፣ መድኃኒትና መዝገብ

የክትትል ጥያቄ ከባለሙያ ቁጥር ባሻገር ሦስት ተጨባጭ ጉዳዮችን ይነካል። የመጀመሪያው የሕግ ኃላፊነት ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ሐኪም በሌላ አስተዳደር የተሰጠውን የሙያ ፈቃድ ይዞ ሲመጣ በማን ቁጥጥር ሥር ይሠራል? ለሚደርስ ጉዳትስ ማን ይጠየቃል? የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሕግ በሌላ ግዛት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በነጻ እንዲያገለግሉ በር ከፍቷል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም በ1996 በወጣ ሕግ መስፈርቱን ያሟሉ የነጻ ክሊኒክ በጎ ፈቃደኞች በሙያ ስሕተት ሲከሰሱ ከለላ የሚያገኙበትን መንገድ ደንግጓል። ከለላው ግን በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፤ ከታካሚውም ሆነ ከመድኅን ድርጅት ክፍያ መቀበል አይቻልም፤ የባለሙያው የሕግ ኃላፊነት የተገደበ መሆኑም ለታካሚው አስቀድሞ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ነጻ አገልግሎት የታካሚውን መብት እንደማያስቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ልገሳው በተቀባዩ ፍላጎት ላይ እንዲመሠረት፣ መድኃኒቱ በአጠቃላይ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ዘመን እንዲቀረው፣ ጽሑፉም በተቀባዩ አገር ባለሙያዎች በሚታወቅ ቋንቋ እንዲሆን ይጠይቃል። መመሪያው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከ1992 እስከ 1996 አጋማሽ ወደ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ከገባው የልገሳ መድኃኒት 17,000 ቶን ያህሉ ጥቅም ላይ ሊውል የማይችል እንደነበር ተገምቷል። ለገጠር ክሊኒክ ከዚህ የሚከተለው መርሕ ግልጽ ነው፤ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ የማይገኝ መድኃኒት ለዘላቂ ሕመም መጀመር ታካሚውን ለማቋረጥ መዳረግ ነው።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ የምርመራ ውጤቱን በላፕቶፓቸው ይዘውት ከሄዱ ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ከባዶ ይጀምራል። መዝገቡ በነዋሪው ተቋም እጅ፣ ቅጂው በታካሚው እጅ ሊቀር ይገባል።

5. ለኢትዮጵያ ገጠር ያለው አግባብነት

በኢትዮጵያ የሚቋቋም ነጻ ክሊኒክ ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው፣ በአማካይ ለ5,000 ሰው፣ ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲኖሩ አድርጎ የተቀረጸ ነው። አንድ ጤና ጣቢያና አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድነት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ መዋቅር ይሆናሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ የሚመረጡ በመሆናቸው ከጃምኬድ ሴቶች ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩትም የመንግሥት ደመወዝተኞች በመሆናቸው ነው። በጤና ኬላው የሚቀመጠው የቤተሰብ ማኅደርም ከላይ ለተነሣው የመዝገብ ጥያቄ ዝግጁ መልስ ነው።

በአንጻሩ አንድ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የሚቆመው አባወራዎችና እማወራዎች በሚያዋጡት ዓመታዊ መዋጮ ነው። በወረዳው ውስጥ ተመሳሳይ አገልግሎት በነጻ የሚሰጥ ክሊኒክ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ቢዘጋ ጤነኛው አባል መዋጮውን ሊያቋርጥ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋም ያለ መድኅን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች በጤና ጣቢያው የሌለውን አገልግሎት፣ ለምሳሌ የጥርስ ሕክምናን፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ጥገናን፣ ወይም በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍትን ማቅናት ቢመርጡ ጥቅሙ ይበልጣል። ለዘላቂ ሕመሞች ግን ተመራጩ መንገድ በጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጎን ተቀምጦ መሥራት ነው። እነዚህ የቀዶ ሕክምናዎችም ቢሆኑ የማግሥት እይታና የኋላ ክትትል ስለሚፈልጉ ከክትትል ግዴታ ፈጽሞ ነጻ አይደሉም።

ከዚህ በመነሣት የምሥረታው ቅደም ተከተል ይታያል። አስቀድሞ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከጤና ጣቢያውና ከነዋሪው ጋር ምን እንደሚጎድል ይጠናል። ቀጥሎ የባለሙያዎች ፈቃድና ኃላፊነት በጽሑፍ ይወሰናል። በመቀጠልም የሚታከሙት ሕመሞች ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱም የክትትሉ ባለቤትና የመድኃኒቱ ምንጭ ይለያል። እንደ ዕድር ያሉ ማኅበራት ቀጠሮ በማስታወስና አቅመ ደካማውን ወደ ጤና ጣቢያ በማድረስ ሊሳተፉ ይችላሉ፤ ሐዘንና ችግርን በጋራ የመሸከም ልምዳቸው ለዚህ የተመቸ ነው። በሩ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባለቤት ያልተገኘለት ሕመም ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ይህ ለበጎ ፈቃደኞች ከባዱ ውሳኔ ቢሆንም የታካሚውን ጥቅም የሚያስቀድም ነው።

6. ማጠቃለያ

የዋይዝ ተሞክሮ የዘመቻ አገልግሎት ነዋሪ ተቋም ሲኖረው እንደሚጠቅም፣ የጃምኬድ ተሞክሮ ደግሞ ነዋሪው ተቋም ከመንደሩ ሰው ሊገነባ እንደሚችል ያሳያሉ። በኢትዮጵያ ነዋሪው ተቋም በመዋቅር ደረጃ አለ፤ የጎደለው በጎ ፈቃደኞችን ከእሱ ጋር የሚያስተሳስር አሠራር ነው። ስለዚህ የነጻ ሕክምና ሪፖርቶች ከተመረመሩ ሰዎች ቁጥር ጎን ከሦስት ወርና ከአንድ ዓመት በኋላ በክትትል ላይ የሚገኙትን ቁጥር ቢያቀርቡ ለንጽጽር የሚበቃ ማስረጃ ይገኛል። ይህን መረጃ ከጤና ኬላ የቤተሰብ ማኅደር መሰብሰብና ከዘመቻ ሪፖርቶች ጋር ማመሳከር ለድኅረ ምረቃ ጥናት ክፍት የሆነ መስክ ነው።